ከመኪናዋ የተረፈችው ብረት

ባጃጁ ጉብታውን ሲዘል ኋላው ቁጭ አለና ብረት ከብረት ተጋጨ። ጓ! ከወገቤ እስከ ማጅራቴ ነዘረኝ።

«ሾክህ ሞቷል» አልኩት ነጂውን።

«እኔም በዚህ ሙቀት ልሞት ነው አባባ» አለኝና ሳቀ።

ሰመራ ከልጄ ቤት ወደ ገበያ በሄድኩ ቁጥር ይህን ድምፅ እሰማለሁ። በሰማሁት ቁጥር ደግሞ እግሬ አላርፍ ይላል። ሰማንያ ዓመት ያለፈው እግር! ድሮም እረፍት የነሳኝ ይኸው ድምፅ ነው። እስቲ ልንገርህ።

ያን ጊዜ አዋሽ አካባቢ አንድ የጥጥ እርሻ ጋራዥ ውስጥ እሠራ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ትራክተር እፈታለሁ፣ ትራክተር እገጥማለሁ። ጥጡ ሲደርስ ብናኙ ከግራሶው ጋር እጃችን ላይ ይጋገራል። ማለዳ የርጭት አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ ካለፈ የመድኃኒቱ ሽታ ጉሮሮ ይከረክራል፤ ቀኑን ሙሉ ሻይህም ዳቦህም እሱን እሱን ይልሃል። ከጣቢያው ባቡሩ ሲያፏጭ መፍቻዬን አስቀምጬ እቆም ነበር። ወዴት እንደምሄድ አላውቅም። መሄድ ብቻ ነበር የምፈልገው።

የመስኖው መሐንዲስ ፈረንጅ ነበር። ጣሊያን ሠራሽ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ መኪና ነበረችው። በዓመቱ መጨረሻ አስመራ ሄዶ ሊወዳደርባት አስቧል። ሞተሯ ምንም አይወጣለትም፤ ችግሯ እግሯ ነበር። ኩርባ ላይ ወደ ጎን ትተኛለች፣ ጉድጓድ ላይ ኋላዋ ቁጭ ይልና ጓ ትላለች። አንድ ቀን ጠራኝና በዚያ በተሰባበረ አማርኛው «አንተ እሷን ካስተካከልክ፣ እኔ አንተን አስመራ ይዤ እሄዳለሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ምግብም እንቅልፍም ጠላሁ።

እቅዱን በጥጥ ጆንያ ላይ በከሰል ሣልኩት። ጽሕፈቴ ደካማ ነው፤ ሥዕል ግን አያቅተኝም። ከፊት፣ ሞላው ሥር ከትራክተር ጎማ የተቆረጠ ጎማ አስገባለሁ። ሾኩን፣ ያኔ አሞርዛቶሬ ነበር የምንለው፣ ፈትቼ ወፈር ያለ ዘይት እሞላዋለሁ። ከኋላ ያላት ባሌስትራ ነው፤ የተለመጡ ረጃጅም ብረቶች ተደራርበው የታሰሩ። እዚያ ላይ በየጎኑ አንድ አንድ ብረት እጨምራለሁ። ፈረንጁ ያስመጣው አዲስ መለዋወጫ ባሌስትራ ስለነበር ብረቶቹን ከእሱ እፈታለሁ። እሥላለሁ፣ እደመስሳለሁ፣ ደግሞ እሥላለሁ። ጆንያው ጠቁሮ ጠቁሮ በመጨረሻ ከእኔ በቀር የሚያነበው ጠፋ።

መሞከሪያ ቦታ ግን አልነበረንም። የእርሻው መንገድ ኮረኮንችና ቦይ ነው። ሜዳ ከተባለ ማዶ ያለው የአፋሮቹ ግጦሽ ነው፤ ዓይንህ እስኪደክም የተዘረጋ። እርሻው ዳር ዳሩን እየቆረሰ ወስዶባቸዋልና ሽማግሌዎቹ የሞተር ድምፅ ሲሰሙ ደስ አይላቸውም።

የበሩ ዘበኛ አፋር ነበር፣ የእኔ እኩያ። ከሰዓት በኋላ ዳቦና ሻያችንን አብረን ነበር የምንቀምሰው። እርሻው ሲቀጥረው ዱላ ሰጠው፤ ያንን ዱላ ነበር የሚጠላው።

«ጊሌ የሌለው ወንድ አይተህ ታውቃለህ?» ይለኛል ባዶ ወገቡን እየመታ። ጊሌ የአፋር ወንድ ወገቡ ላይ የሚታጠቀው ጩቤ ነው፤ የአባታቸው ለታላቅ ወንድሙ ደርሷል። «አገሬ ስገባ ይህን ዱላ ይዤ ልግባ? ሴቶቹ ይሥቁብኛል።»

መለዋወጫውን ባሌስትራ ያየ ቀን ረጅሟን ብረት በጥፍሩ መታ አደረጋትና ጆሮውን አስጠጋ።

«ወላሂ ይህቺ ጊሌ ናት» አለ።

«ቀጥቃጩ ከካሚዮን ብረት አይሠራልህም?»

«የካሚዮን ብረት ደክሞታል። ይህቺ ገና ምንም አልተሸከመችም።»

«እንግዲያው ሜዳውን አስፈቅድልኝና ያንተ ናት» አልኩት። እጁን ዘረጋ፣ መዳፉን መታሁለት። ሄዶ በሁለተኛው ቀን ተመለሰ። ሽማግሌዎቹ በእሱ ቃል ፈቅደዋል፤ ከብት እንዳይነካ፣ የውሃ ጉድጓዳቸው እንዳይነካ።

መጀመሪያ ስንሞክራት እንደ ሐሳቤ ሄደች። አንድ ቦታ ላይ፣ አንዴ ብቻ፣ ጓ አለች። ፈረንጁ ልብም አላለው። እኔ ግን ያቺ አንዲት ጓ ከጆሮዬ አልወጣ አለችኝ። አስመራ ላይ ብትደግመውስ? ፈረንጁ ሐሳቡን ቢቀይርስ? በየጎኑ ሁለተኛ ብረት ልጨምር ቆረጥኩ። ለዚህ ደግሞ ረጅሟም ልትገባ ነው።

የጋራዡ አለቃ «ተው አንተ ልጅ፣ ይበቃታል። መኪና ካልተለመጠ ይዘላል» አለኝ። አልሰማሁትም። ማንን ሰምቼ አውቃለሁ?

ዘበኛው ብረቷን ስገጥማት ደረሰ።

«ያቺ የእኔ አይደለችም?»

«ለጊዜው ነው» አልኩት ቀና ሳልል።

«የሰጡት ነገር ለጊዜው አለው?»

ቡሎኑን አጠበቅኩ። እሱ ወደ በሩ ሄደ።

በማግሥቱ ማለዳ ሜዳው ላይ ወጣን። ዘበኛው ቀድሞን ሄዶ መሐል ሜዳ ላይ ቆሟል፤ እረኞቹ እሱን ሲያዩ ነገሩ የተፈቀደ መሆኑን እንዲያውቁ። ፈረንጁ ነዳ፣ እኔ ከጎኑ። ፍጥነቱ ሲጨምር መኪናዋ እንደ ፍየል መዝለል ጀመረች። ጥርሴ ተጋጨ። ኋላዋ ተነሥቶ ወደ ጎን ወረወረንና ውሃ የጠጣ ጥቁር አፈር ውስጥ እስከ ሆዷ ሰመጠች። ከውሃ ጉድጓዱ ሃያ እርምጃ ያህል ቀርቶን ነበር።

ፀሐይዋ እየበረታች ስትሄድ ሰዎች መጡ፤ ሰባት ስምንት ይሆናሉ። ወደ መኪናዋ አልመጡም። ከዘበኛው ጋር ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። አፋር ከአፋር ሲገናኝ ወሬውን ሳይለዋወጥ አይነሣም፤ ዳጉ ይሉታል። ያየኸውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ትናገራለህ፤ አየኸው ወይስ ሰማኸው ተብለህም ትጠየቃለህ። ፈረንጁ «ምን ይጠብቃሉ?» እያለ ይንቆራጠጣል። እኔ አፋርኛ አላውቅም። ግን ከወሬያቸው መሐል አንዲት ቃል ለይቼ ሰማሁ፤ ባሌስትራ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ዞረው አዩኝ። ቁጣ አልነበረበትም። አንድ ሰው የሰማውን ነገር በዓይኑ ሲያረጋግጥ እንደሚያየው ነው።

ከዚያ ተነሥተው ትከሻቸውን አስገብተው መኪናዋን አወጧት። ዘበኛውም አብሮ ተሸከመ። ቃል ሰጥቷቸዋልና። ከመጡት መሐል ወደ ነበረው ሽማግሌ ሄዶ በእጁ የውሃ ጉድጓዱን አሳየና እርምጃውን ቆጠረለት። ከዚያ ዱላውን አንሥቶ ወደ በሩ ተመለሰ።

በዚያው ቀን ሁለተኛዎቹን ብረቶች አወጣኋቸው። አለቃው እንዳለው በአንድ አንድ ብረት ልክ መጣች፤ ኩርባ ላይ መሬቱን ነክሳ ትይዛለች። ረጅሟ ብረት ትርፍ ሆና ጋራዡ ወለል ላይ ተጋደመች። እስከ በሩ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ግን ወስጄ ብሰጠው አጥፍቻለሁ ማለት ነው፤ እሱ ይጠይቀኝ አልኩ። እሱ ደግሞ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ስምንት ቀን እንዲህ ተፋጠጥን።

ወደ አስመራ የወጣን ቀን ብረቷን ለሥራ ታስፈልግ ይሆናል ብዬ መኪናዋ ውስጥ አስገባኋት። በሩ ላይ ስንደርስ ዘበኛው አግዳሚውን እንጨት አነሣ። ፈረንጁ ጡሩምባ ነፋለት። ብረቷ ከእግሬ ሥር ነበረች። ስመለስ እሰጠዋለሁ ብዬ ፊት ለፊት እያየሁ አለፍኩ።

አስመራ አየሁ። ከተማውንም፣ ውድድሩንም፣ ሁሉንም። መኪናዋ አላሳፈረችኝም። ግን አስመራ ስትለኝ ዛሬ የሚታየኝ የዚያ አግዳሚ እንጨት ወደ ላይ መነሣት ነው።

ስመለስ በሩ ላይ ሌላ ሰው ቆሟል። የድሮው ዘበኛ ዱላ አጥሩ ላይ ተደግፏል።

«ወዴት ሄደ?»

«ከብቱን ተከትሎ።»

«ዱላውን አልወሰደም?»

«አልፈልግም አለ።»

ባዶ ወገቡን ይዞ ነው የገባው ማለት ነው።

ዛሬ ባጃጁ ገበያው ጋ ሲቆም አልወረድኩም። ነጂው ልጅ አፋር ነው።

«ዳጉ ታውቃለህ?» አልኩት።

«አሁን እኮ በስልክ ሆኗል አባባ።»

«በምንም ይሁን፣ አድርስልኝ።» የዘበኛውን ስም፣ የአባቱን ስም፣ ጎሣውን ነገርኩት። ለአንተ ግን አልነግርህም፤ የእሱ ነው። «ብረቷ አለች በል። በየዓመቱ ግራሶ እየተቀባች፣ በጆንያ ተጠቅልላ አልጋዬ ሥር አለች። ዝገት አልነካትም። ለእሱ፤ እሱ ከሌለ ለልጁ።»

ልጁ ሞተሩን አጠፋ። ሣቁን ተወና ሙሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ይህን ነገር አዩት አባባ ወይስ ሰሙት?»

«የከለከልኩት እኔ ነኝ» አልኩት።