ሜዳ እንዴት ይዛወራል?

ሰሞኑን ሬዲዮው ስለ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲያወራ ብቻዬን ሳቅሁ፤ አክስቴ እትዬ ወለቴ ትዝ አለችኝ።

የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ወንድሟ ቄሱ አጎቴ ለትምህርት ወደ ግሪክ አገር ሊሄዱ ሆነና፣ እኔና እትዬ ልንሸኛቸው ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ወረድን። ለእሳቸው ፈትላ ያሠራችው ባና፣ ያ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ የበግ ጠጉር ሽታው አውቶቡሱን ሞልቶት ነበር።

እትዬ አውሮፕላን ማረፊያ ብላ ወደምታውቀው ልደታ ሜዳ ስንደርስ ያገኘነው ዘበኛውን ብቻ ነው።

«አውሮፕላን ማረፊያው ቦሌ ተዛውሯል እኮ፣ እናቴ» አላት።

«ሜዳ እንዴት ይዛወራል?» ብላ ተቆጣች። እኔ ግን አመንኩት፤ ሜዳውን እንደ ምንጣፍ ጠቅልለው በመኪና ሲጭኑት ታየኝ።

በታክሲ እየከነፍን ቦሌ ስንደርስ አጎቴ የአውሮፕላኑን ደረጃ ሊወጡ ነው። እትዬ አጥሩን ይዛ «ወንድም ዓለም! ብርዱን ምን ልትሆን ነው?» ብላ ጮኸች። አንድ የማረፊያው ሠራተኛ እየሳቀ ባናውን ተቀብሏት ሮጠ። አጎቴ በካባቸው ላይ ደርበውት በመስቀላቸው ባረኩን። ሞተሩ ሲያጓራ እትዬ እልልታዋን አቀለጠችው፤ የማናውቃቸው ሸኚዎችም ተቀበሏት።

ከወር በኋላ ደብዳቤ መጣ። አጎቴ አውሮፕላኑ ውስጥ ባናውን በብርድ ለሚንቀጠቀጥ ፈረንጅ አካፍለውት ኖሯል። እትዬ «እሰይ! ብዬ ነበር!» እያለች ያንኑ መስመር ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ።