ዜሮ ላይ መቆም

ማስተማር የጀመርኩት አዳማ፣ በክረምት ኮርስ ነው። የሒሳብ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ታደሰ ጠመኔና ዳስተር ሰጥተውኝ፣ ተከትለውኝ ገብተው ከኋላ ተቀመጡ። ተማሪዎቼ በጋውን ራሳቸው የሚያስተምሩ፣ ክረምት ለዲግሪ የሚመጡ መምህራን ናቸው። አብዛኞቹ በዕድሜ ይበልጡኛል።

የዕለቱ ትምህርት በኢንቴግራል ለተሰጠ ፈንክሽን ማክሎሪን ፖሊኖሚያል ማግኘት ነበር፤ ዜሮ አጠገብ ፈንክሽኑን የሚወክል፣ ዜሮ ላይ ካለው ዋጋና ከዴሪቬቲቮቹ የሚሠራ ማለት ነው። ከዜሮ እስከ x ያለውን የ e^(−t²) ኢንቴግራል ሰጠሁ። ውስጡን በ t ፖሊኖሚያል ዘርዝሬ፣ እያንዳንዱን ኢንቴግሬት አድርጌ፣ x − x³/3 + x⁵/10 ብዬ ጨረስኩ። አሪፍ ያስተማርኩ መስሎኝ ነበር።

ከቡልቡላ የመጡት ወይዘሮ ጫልቱ እጃቸውን አወጡ። ኢንቴግራሉ ራሱ ሳይታወቅ ይሄ እንዴት ይታወቃል አሉ። ባለፈው ክረምት፣ መጀመሪያ ኢንቴግራሉን ላግኝ ሲሉ የፈተናው ሰዓት አልቆባቸዋል፤ ዘንድሮ ከወደቁ ከትምህርቱ ይሰናበታሉ። ያ ኢንቴግራል ደግሞ በምናውቃቸው ፈንክሽኖች አይጻፍም፤ ዕድሜ ልክ ቢፈለግ አይገኝም። እኔ ቁጡው፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ያንኑ ደገምኩላቸው።

ስንወጣ ጋሽ ታደሰ አልተቆጡም። «አቋራጩን አሳየሃቸው እንጂ መነሻውን አላሳየሃቸውም» አሉኝ። «ዜሮ ላይ አቁማቸው።»

የወይዘሮ ጫልቱ ባለቤት በሻሸመኔ መስመር የጭነት መኪና ይነዳሉ። በማግስቱ ክፍል ገብቼ በመኪናው ምሳሌ ጀመርኩላቸው። ኢንቴግራሉ የተሄደው መንገድ ነው፣ ውስጡ ያለው ደግሞ ፍጥነቱ ነው አልኩ። መኪናው እየሮጠ የመነሻውን ምልክት ሲያልፍ፣ ከምልክቱ ወዲህ ስንት ሄዷል ብላቸው፣ ምንም አሉ። የመጀመሪያው ዴሪቬቲቭስ? ምልክቱ ላይ ያለው ፍጥነት ነው ብለው፣ t ን ዜሮ አድርገው አንድ ጻፉ። ቀጥሎ ፍጥነቱ እንዴት እንደሚለወጥ ከትናንቱ ዝርዝር አወጡ።

«ለካ ሻሸመኔ መድረሱን ማወቅ የለብኝም» አሉ። «የሚጠይቁኝ እዚሁ መነሻው ላይ ያለውን ነው።»

ከፈተናው በኋላ መጀመሪያ የፈለግኩት የሳቸውን ወረቀት ነው። ፖሊኖሚያሉ ልክ ነው፤ አልፈዋል። ከሥሩም ማንም ሳይጠይቃቸው «x ለዜሮ ቅርብ ሲሆን ብቻ፤ ከራቀ አይታመንም» ብለዋል። ደስታው ለብቻዬ አልቻል ብሎኝ ወረቀቱን ይዤ ጋሽ ታደሰ ቢሮ ሮጥኩ። እሳቸውም አነበቡና «ተመስገን» ብለው መለሱልኝ።

ከዓመታት በኋላ ያንኑ ጥያቄ ለአዲስ ተማሪዎች ሰጠሁ። ሌሎቹ ኢንቴግራሉን ሲያሳድዱ፣ አንዲት ልጅ በ x ቦታ ዜሮ አስገብታ ጀመረች። ማን አስተማረሽ አልኳት።

«ቡልቡላ፣ ቲቸር ጫልቱ» አለችኝ። «ሁሌ መጀመሪያ ዜሮ ላይ ቁሙ ይሉን ነበር።»

ጋሽ ታደሰን በልቤ አመሰገንኩ፤ ወይዘሮ ጫልቱንም። ተማሪ አቋራጩን የሚያምነው መነሻውን ካየ በኋላ ነው።