ካርታው ደረቅ ያለው ሜዳ

ባሕር ዳር በአንድ የመንግሥት ቢሮ ካርታ እነድፍ ነበር። ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ የተሠራውን የጣና ዳር ካርታ በስስ ወረቀት እገለብጥና አለቃዬ ያዘዙኝን አዲስ መንደር በቀይ ቀለም አስገባበታለሁ። የመንደር ምሥረታ ዘመቻ ነው፤ ገበሬው ቤቱን አፍርሶ ሌላ ሰው በመረጠለት ሜዳ ይሰፍራል።

አንድ ቀን ከቁንዝላ ወዲያ ካለ ቀበሌ አንድ ሽማግሌ ቄስ መጡ። አለቃዬ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ እኔ ዘንድ ተቀመጡ።

"እኛን የምታሰፍሩን የቱ ላይ ነው ልጄ?"

በጣቴ አሳየኋቸው። የከፍታ መስመሮቹ እዚያ ተራርቀዋል፤ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ወረቀቱን ብዙ አዩት።

"ይህን ፎቶ ያነሣው ሰው በበጋ ነው የመጣ። ክረምት ክረምት እኛ እዚህ ላይ በታንኳ ነው የምናልፍ።"

ለአለቃዬ ነገርሁ።

"ካርታው ረግረግ ይላል?"

"አይልም ጓድ፤ ግን ቄሱ..."

"ቄሱ መሬታቸውን መልቀቅ ስላልፈለጉ ነው።"

በማግስቱ ማንንም ሳልጠይቅ በዚያ ሜዳ ላይ የረግረግ ምልክት በሰማያዊ ቀለም አስገባሁ። ሁለት ቀን አልቆየም፤ ታወቀ። አለቃዬ በሩን ዘግተው ምላጭ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ።

"ይህ አሻጥር ይባላል። የት እንደሚያደርስ ታውቂያለሽ። ፋቂው።"

አውቃለሁ። የጎረቤቴ ባል ከዚህ ባነሰ ነገር ተወስዶ አልተመለሰም። ቤት ሁለት ልጆች አሉኝ። ፋቅሁት።

መስከረም ላይ ያለቁትን መንደሮች እንድመዘግብ በጀልባ ተላክሁ። በመስመር የተሠሩት ጎጆዎች እስከ ጉልበት ውሃ ውስጥ ቆመዋል። ሰዉ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ሸሽቶ በወባ ይንቀጠቀጣል። ቄሱን አጥሩ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ባለቤታቸውንም ሴት ልጃቸውንም በአንድ ሳምንት ቀብረዋል።

"ነግረሻቸው ነበር?" አሉኝ።

"ነግሬያቸው ነበር አባ።"

"እግዜር ይስጥሽ።"

የፋቅሁትን ግን አልነገርኋቸውም። ምነው በረገሙኝ ብዬ ተመኘሁ።

ተመልሼ ያየሁትን ሁሉ ጻፍሁ። አለቃዬ ገጹን ገንጥለው፣ መንደሩን "የተጠናቀቀ" አሉት። ከዓመታት በኋላ የመንግሥት ቁጥጥር ሲላላ ሰዎቹ ማንንም ሳይጠይቁ ቤታቸውን ነቅለው ወደ ቀድሞ ቦታቸው ወጡ። ቄሱ ግን ያን ቀን አላዩትም።