ራዲዮ ዝም ያለ ቀን

ፀጉር አስተካካዩን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ራዲዮ ይለዋል። በሩን ከከፈተበት ሰዓት አንስቶ እስኪዘጋ ድረስ ያወራል። ስለ ዝናቡ ያወራል፣ ስለ ጎረቤቱ ድመት ያወራል፣ ደንበኛው መስታወቱ ፊት ተቀምጦ ዓይኑን ቢጨፍን እንኳ ለጆሮው ያወራለታል። "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" ብለው ሲነኩት፣ "የኔ አፍ መች ቆሞ ዝንብ ያርፍበታል" ይላቸዋል። ዝም የሚለው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ምላጩ ጉሮሮ ላይ ሲደርስ። ያኔ ትንፋሹን ሰብሰብ አድርጎ ከአገጭ በታች ያለችውን ለስላሳ ቦታ በጸጥታ ያልፋታል። ምላጩን በፎጣው ጠረግ ሲያደርግ ደግሞ ልክ ካቆመበት ቃል ይቀጥላል። ደንበኞቹም ልማዱን ስለሚያውቁ "ራዲዮ ዝም ካለ እንዳትነቃነቅ" ይባባላሉ።

ድሮ ግን እንዲህ አልነበረም። ሱቁ የሁለት ወንድማማቾች ነበር። ጨዋታ አዋቂው ታላቁ ነው፤ ታናሹ አንገቱን ደፍቶ ይቆርጣል፣ ይላጫል፣ ሲያስቁት ይስቃል። ኋላ ታላቅየው የሆድ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ሲነቃ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው፤ ከዚያ ሁሉ ቃሉም አንዲት ብቻ ቀረችው፦ "እሺ።" ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ። ቤተሰቡ ግን የራሱን ፍርድ ፈረደ፤ አንደበቱን ይዞበት የሄደው ማደንዘዣው ነው ተባለ።

ሲበሳጭ "እሺ"፣ ሲጠማው "እሺ"፣ ሲስቅም "እሺ"። እንዲያም ሆኖ ሱቁን አልተወም። በየጠዋቱ በዱላው እየተደገፈ ይመጣና ጥግ ያለችው ወንበር ላይ ይቀመጣል። የመቀሱ ድምፅ ብቻ የሚሰማበት ቀን ሲበዛ፣ ፊቱ ቀስ በቀስ እየጨለመ መሄዱን ታናሽየው አየ፤ አንጀቱን በላው። እናም ያ ዓይናፋር ሰው አንድ ቀን አፉን ከፈተ። መጀመሪያ ላይ ይንተባተብ ነበር፤ ቀልዱ መሃል ላይ ይጠፋበታል። ጥግ ያለው ወንድሙ ግን "እሺ" ይለዋል፣ እሱም ይቀጥላል። እንዲህ እንዲህ እያለ ራዲዮ ሆነ።

ያን ሁሉ ዓመት የቆመበት ዳሌ ግን አንድ ቀን አሻፈረኝ አለ። ወንበሩን ሲዞር እንደ አሮጌ በር ሲጥ የሚል ይመስለው ጀመር፤ ኋላም ደንበኛውን ትቶ ግድግዳ እስከ መያዝ ደረሰ። የሒሳብ አስተማሪ የሆነችው ልጁ እየጎተተች ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። መገጣጠሚያው ተበልቶ ስላለቀ በሌላ መተካት አለበት ተባለ።

ቀዶ ጥገናውን አልፈራም። እኔም የምኖረው በስለት ነው ይል ነበር። የፈራው እንቅልፉን ነው። በእባብ የተነደፈ በልጥ ይደነብራል፤ ወንድሙ ተኝቶ ገብቶ ያለ ቃል ወጥቷል። እሱም ላይ ቢደገም፣ ሁለት ዝምተኛ ወንድማማቾች ሱቃቸው ውስጥ ተፋጠው ሊቀሩ ነው። ለሁለቱ የሚያወራ ማን ይኖራል?

ልጁ ደግሞ የፈራችው ሌላ ነው። ታማሚው ነቅቶም ይሠራል ሲባል ሰምታ፣ መጋዝና መዶሻ ሲሰማ ልቡ ትቆማለች ብላ ነው።

"አባዬ፣ ጥርስህ ሲነቀል ነርሷን ይዘሃት የወደቅክ ሰው እኮ ነህ። ተኛና ሲያልቅ ተነሳ።"

"ጋሼም ተኝቶ ተነስቷል" አላት፣ ታላቅ ወንድሙን ማለቱ ነው።

ልጁም ክርክሩን ትታ የማደንዘዣ ሐኪም ዘንድ ይዛው ሄደች።

የማደንዘዣ ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ድምጿ ዝቅ ያለ፣ ረጋ ያለች። አባትና ልጅ ተራ በተራ እስኪያወሩ ታግሳ አዳመጠቻቸው። መንገዱ ሁለት እንደሆነ ነገረቻቸው፤ ወይ ሙሉ በሙሉ ማስተኛት፣ ወይ በወገብ መርፌ ከታች ማደንዘዝ። ስትሮክን በተመለከተ ብዙ ተጠንቷል አለች። አንዳንዱ ጥናት ወደ ወገቡ መርፌ ትንሽ ያደላል፣ ሌላው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘሁም ይላል። "ይሄኛው ያድናል፣ ያኛው ይጎዳል ብዬ ብነግርዎት ዋሸሁ" አለችው። ከማደንዘዣው ይልቅ እሷን የሚያሳስባት የደም ግፊቱ፣ የልቡ አመታትና የሚወስደው መድኃኒት ነው። ስለ ወንድሙም ስትጠይቀው፣ ልቡ ያለ ሥርዓት ይመታ እንደነበርና ከቀዶ ጥገናው በፊት መድኃኒቱን በገዛ እጁ አቁሞ እንደነበር ትዝ አለው። ያላከምኩትን ሰው በእርግጠኝነት መናገር አልችልም አለች፤ ግን ማደንዘዣውን ከመክሰሷ በፊት ስለዚያ ስለተቋረጠው መድኃኒት ትጠይቅ ነበር። እሱስ የግፊት ክኒኑን ይወስዳል? "አዎ" አለ፣ ምላሱ ቸኩላ።

የቀጠሮው ቀን ጠዋት ነው እንግዲህ ጉዱ የመጣው። ለቀዶ ጥገና ገላ ይላጫል ሲባል ሰምቷል። የራሱን ገላ ለሰው ምላጭ ሊሰጥ? ሙያው አልፈቀደለትም። መታጠቢያ ቤት ገብቶ ሳሙናውን በብሩሹ አረፋ አድርጎ፣ ከወገቡ እስከ ጉልበቱ ሙልጭ አድርጎ ተላጨ። ችግሩ የማይታጠፍ ዳሌ ይዞ ወደ ኋላ መዞሩ ነው፤ እጁ የማያየው ቦታ ላይ ደርሶ ራሱን ጫረ። በሕይወቱ ደንበኛ አቁስሎ የማያውቅ ሰው ራሱን አደማ።

ነርሷ ልብሱን ገለጥ አደረገችና ወዲያው ቀዶ ሐኪሙን ጠራችው። እሱም ጎንበስ ብሎ አየና ማን እንዲህ እንዳደረገው ጠየቀ።

"እኔ ነኛ። አላማረም?"

አምሮ ነበር፤ ግን የምላጭ ጭረት ለጀርም በር ይከፍታል። ካስፈለገ እነሱ ራሳቸው እዚያው በማሽን ይከረክሙታል እንጂ በምላጭ አይነኩትም። አዲስ መገጣጠሚያ በተጫረ ቆዳ ውስጥ አይገባምና እስኪድን ወደ ቤት ተባለ። በዚያ ላይ የግፊት መለኪያው ክንዱን ጨምቆ ሲለቅ፣ የማደንዘዣ ሐኪሟ ቅንድቧን አነሳች። ለጭረቱ ባንመልስዎ ለዚህ እንመልስዎ ነበር አለችው። ከዚያም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ድምጿን ይበልጥ ዝቅ አደረገች።

"አባቴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ክኒኑን በየቀኑ ይወስዳሉ?"

"ራሴን ሲያመኝ።"

"ግፊት እኮ ሳያምም ነው የሚጎዳው።"

ማደንዘዣውን ሲፈራ ግፊቱን ረስቶት ነበር። የፊቱን በር ቆልፎ የጓሮውን ክፍት ትቶ እንደኖረ ገባው።

ሰፈሩ ሰምቶ በሳቅ ፈረሰ። "ራዲዮ እግሩን ተላጭቶ ብቻ ተመለሰ" ተባለ። እሱም ከሰው ቀድሞ በራሱ እየቀለደ ሲያወራው፣ ወንድሙ ጥግ ሆኖ ያዳምጣል። በማግስቱ ታላቅየው ሱቅ ሲገባ ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም። በግራ እጁ ከመደርደሪያው ላይ የክኒኑን ዕቃ አነሳና ታናሹ ደረት ላይ ገፋ አደረገው፦ "እሺ።" እስኪውጠው ድረስ ከፊቱ አልሄደም። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ክኒኑ ሳይዋጥ ማንም ደንበኛ ወንበር ላይ አይወጣም። ጭረቱ ዳነ፣ ቆየት ብሎም ግፊቱ ወረደ፤ ልቡም ተመርምሮ አመታቱ ደህና ነው ተባለ።

ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ የማደንዘዣ ሐኪሟ ምርጫው አሁንም የእርስዎ ነው አለችው። ነቅቼ ልሁን አለ። ልጁም በዚህኛው ተስማማች፤ ከደነገጠ ግን የሚያረጋጋ መድኃኒት እንዲሰጡት ሐኪሟን ቃል አስገባቻት። የወገቡ መርፌ ከፈራው ይልቅ ቀለለው። እግሮቹ ሞቅ አሉት፣ ከበዱት፣ ከዚያ የሌላ ሰው ሆኑ። ደረቱ ላይ ጨርቅ ተጋረደ፤ ሐኪሟ ከራስጌው ተቀመጠች።

"አሁን ያውሩልኝ" አለችው። "እርስዎ እያወሩ ከሆነ፣ ጭንቅላትዎ ደህና መሆኑን ከማሽኖቹ ጋር አብረው ይነግሩኛል።"

ራዲዮ ከሆነ ወዲህ ዝም በል ሲባል የኖረ ሰው ወሬ በሐኪም ሲታዘዝለት የመጀመሪያው ነው። ስለ ድመቷ አወራ፣ አንድ ጎኑን ብቻ ተቆርጦ ሚስቱ ስለጠራችው ደንበኛ አወራ፣ ስለ ጋሼም አወራ። መዶሻው ኳ ኳ ሲል እንኳ ድምፁን ከፍ አደረገ እንጂ አላቋረጠም።

ከዚያ ዝም አለ።

ሐኪሟ ማሽኖቹን አየች፤ ሁሉም ደህና ነው። ፊቱን አየች፤ ዓይኑ ጣሪያው ላይ ተተክሏል። የቀኝ መዳፉ ውስጥ ጣቶቿን አስገባች።

"አባቴ? ይሰሙኛል? እጄን ጨበጥ ያድርጉት።"

ጨበጠው፤ ለዚያውም ምላጭ በሚይዝበት ኃይሉ።

"እየሰማሁሽ ነው ልጄ" አለ በሹክሹክታ። "ሰው ሲያወራ ጣልቃ አይገባም። ይጨርስ።"

ለካስ ከመጋረጃው ወዲያ እስካሁን ዝም ብሎ ሲሠራ የቆየው ቀዶ ሐኪም ወሬ ጀምሮ ኖሯል። ልጅ ሳለ ፀጉሩን ላለመቆረጥ አልጋ ሥር ተደብቆ እንዴት እንቅልፍ ወስዶት እንደቀረ፣ ሰፈሩም ጠፋ ብሎ እንዴት ሲፈልገው እንደዋለ እየተረከ ነው። ፀጉር አስተካካይ ባለበት የሰው ምላስ ይፈታል፤ ወንበርም አያስፈልግም። ነርሶቹ መሳቅ ሲጀምሩ፣ አታስቁኝ፣ መዶሻ ይዣለሁ አላቸው። ራዲዮ ተጋድሞ አዳመጠ። የጋሼን ጨዋታ አንገቱን ደፍቶ የሚያዳምጥበት ዘመን ትዝ አለውና አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

ሱቁ እንደገና ሲከፈት በክራንች ነው የገባው። ወንድሙ በዚያ ሁሉ ጊዜ በሌላ እጅ አልላጭም ብሎ ጢሙ ደረቱን ሊነካ ምንም አልቀረው። ልጁ ከፍ ያለ በርጩማ አቀረበችለትና ተቀምጦ ሳሙናውን አረፋ አደረገ። አልጋ ሥር ስለተደበቀው ልጅ እያወራ ጉንጩን ጨረሰ፣ አገጩን ጨረሰ፤ ምላጩም ጉሮሮው ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ያችን ለስላሳ ቦታ ቀስ ብሎ አለፋት፤ ምላጩንም በፎጣው ጠረገ።

ወንድሙ ዓይኑን ሳይገልጥ ጠበቀው።

"እሺ?" አለ።

"እሺ ጋሼ" አለና፣ ካቆመበት ቃል ቀጠለ።