አባባ፣ አፍዎን ይክፈቱ

በነርስ ትምህርት ቤት ክኒን ስለ መስጠት ሦስት ሕግ ተምረናል። አንደኛው፣ የጠርሙሱን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አንብቢ። ሁለተኛው፣ የበሽተኛውን ስም ከካርዱ ጋር አስተያዪ። ሦስተኛው፣ ክኒኑ እስኪዋጥ ድረስ ከአልጋው አትራቂ፤ በዓይንሽ እዪ፣ ከዚያ ፈርሚ። ሁለቱን አሳምሬ እሠራ ነበር። በሦስተኛው የተነሣ ግን አንድ ገበሬ እግራቸውን ሊያጡ ነበር፤ የምጽፈውም ስለ እሳቸው እግር ነው።

ጊዜው የሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ላፍቶ ያኔ እርሻ ነበር፤ አባቴም ጤፍና ሽምብራ ይዘራ ነበር። ሆስፒታሉ ከመካኒሳ አቦ ብዙ ሳይርቅ ያለ ትንሽ ቤት ነው። ዛሬ ፈርሶ ሱቅ ተሠርቶበታል፣ ስሙን ማንሣት አያስፈልግም። አባቴ ትምህርቱን የፈቀደልኝ በአንድ ቃል ነው። «ካልሆነልሽ ትመለሻለሽ፤ ሰውየው እንደሆነ አልቸኮለም» አለኝ። ሰውየው የተባለው ሚስቱ የሞተችበት፣ ሁለት ጥማድ በሬ ያለው ጎረቤታችን ነው። በበሬዎቹ በኩል ቅሬታ አልነበረኝም።

ትምህርቱን ስጨርስ ነጭ ቆብ እንደሚሰጡኝ በሰፈር ሲሰማ፣ ልትመነኩስ ነው ተባለ። እናቴ ሁለት ቀን አለቀሰች። ቆቡ በጸጉር መርፌ የሚያዝ መሆኑን ሳስረዳት ደግሞ «ታዲያ ለምን ይጠቅማል?» አለች። እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘሁም። ያን ጊዜ ግን ከዚያ ቆብ የበለጠ የምፈልገው ነገር አልነበረም።

የመጀመሪያውን ወር አልጋ ስናነጥፍ አሳለፍን። አብዛኞቻችን መደብ ላይ ያደግን ልጆች ነን፤ የአንሶላን ጠርዝ እንደ ፖስታ ማጠፍ ግን ከጸሎት እኩል ተማርን። መምህራችን ፈረንጅ ናቸው፤ ሲስተር እንላቸዋለን። ሲስተር ጠርዙ የተዛነፈ እንደሆነ ምንም ሳይናገሩ አንሶላውን ገፍፈው ይሄዳሉ። ቀጥሎ ሙቀት መለካት፣ ትርታ መቁጠር፣ ፖፖ ሳያንጠባጥቡ መሸከም መጣ። መርፌ የተለማመድነው በብርቱካን ላይ ነው። ብርቱካን አይጮህም፤ ይህን ውለታውን ያወቅነው ሰው መውጋት ስንጀምር ነው።

ለሌላው ሁሉ መለማመጃ በጨርቅና በጭድ የተሠራ አሻንጉሊት ነበረን። እንደ እሱ ያለ ታዛዥ በሽተኛ ከዚያ በኋላ አልገጠመኝም። ቢያገላብጡት አይሰለች፣ ቢያጥቡት አያፍር። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረው፤ አፉ በቀይ ቀለም የተሳለ ስለሆነ አይከፈትም። ስለዚህ ሦስተኛውን ሕግ በቃል አጠናነው እንጂ አልተለማመድነውም።

በእኛ ቤት ደግሞ ትልቅ ሰው ሲጠጣ አፍ አፉን አይታይም። ውኃው በሁለት እጅ ይሰጣል፣ አንገት ይደፋል፣ ዋንጫው እስኪመለስ ድረስ መሬት መሬቱ ይታያል። ቀና ብላ የምታይ ልጅ ወይ ርቧታል፣ ወይ በጊዜ አልተቀጣችም። እኔ አልራበኝም፤ በጊዜም ተቀጥቻለሁ።

እኒያ ሽማግሌ ገበሬ የመጡት ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ፉሪ ላይ ባሕር ዛፍ ሲፈልጡ መጥረቢያው ስቶ እግራቸውን አገኘው። ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ ሲያደርሳቸው እብጠቱ ቁርጭምጭሚታቸውን አልፎ ነበር። ሐኪሙ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ የሚዋጥ ክኒን አዘዘላቸው። እሳቸውን መጠበቅ የእኔ ድርሻ ሆነ።

«መርፌ የለም እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን።

«አልቋል አባባ፤ እስኪመጣ በክኒን ነው።»

ክኒኗን መዳፋቸው ላይ አድርገው አገላበጧት። «የጾም ነው የፍስክ?»

ይህ በትምህርቱ አልነበረም። «ጠይቄ እነግርዎታለሁ» አልኩ።

አልጠየቅሁም። ሲስተር የማይረባ ጥያቄ ሲመጣባቸው በመነጽራቸው አናት ላይ አሻግረው ያያሉ፤ ያንን አስተያየት ፈራሁ። በማግስቱ ሽማግሌው ነገሩን አላነሡትም፣ እኔም ረሱት ብዬ ደስ አለኝ። ትልቅ ሰው አንድ ነገር ሁለት ጊዜ እንደማይጠይቅ ከቤቴ የማውቀው ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ትዝ አላለኝም።

ከዚያ ወዲህ በቀን ሦስት ጊዜ ክኒኑንና ውኃውን በሁለት እጄ እሰጣለሁ፣ አንገቴን እደፋለሁ፣ የወለሉን ጣውላ አያለሁ። የአራተኛው ጣውላ ምስማር የላላ ነበር። ኩባያው ሲመለስልኝ ተቀብዬ ካርዱ ላይ «ወስደዋል» ብዬ እፈርማለሁ። ውኃው መጉደል አለመጉደሉን አላይም። ጽሕፈቴ ግን ያማረ ነበር፤ ሲስተር ካርዱን ወደ ክፍል አምጥተው ለሌሎቹ ተማሪዎች እንደ አርአያ አሳዩት።

ትኩሳቱ አልወረደም። ቁስሉ መሽተት ጀመረ፣ እብጠቱም ወደ ጉልበት ወጣ። በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ቀን ሐኪሙ ካርዱን አየ፣ እግሩን አየ፣ እንደገና ካርዱን አየ። «መድኃኒቱን ሳያጓድሉ ወስደዋል፤ አልሠራም ማለት ነው» አለ። «እስከ ሰኞ ካልተሻላቸው ከጉልበት በታች እንቆርጣለን።»

ይህን ለሽማግሌው እንድነግር የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ነገርኳቸው። «በአንድ እግር እርፍ አይያዝም» አሉ። ከዚያ የኔን አባት አዝመራ ጠየቁኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አንሶላ ስቀይር የጋቢያቸው ጫፍ ተቋጥሮ አገኘሁት። ክታብ መሰለኝ፤ እንዳይቆሽሽ ብዬ ፈታሁት። ክኒኖቹ ናቸው። አንድም አልጎደለም።

ሽማግሌው ፊቴን አይተው ሊያጽናኑኝ ሞከሩ። «አልጣልኩትም ልጄ። በእጅሽ የሰጠሽኝን እንዴት እጥላለሁ? ለፋሲካ ነው ያስቀመጥኩት፤ ያን ዕለት ሁሉንም እውጠዋለሁ።»

«ሰኞ እኮ እግርዎን ሊቆርጡት ነው!»

«እሱ እንዳለ ይሁን። የፍስክ ከሆነ ግን በዚህ ዕድሜዬ ጾም አልገድፍም። ጠይቄሽ ነበር። ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅሁ።»

በቁጣ ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር። ክኒኖቹን መልሼ ቋጠርኳቸውና ወጣሁ።

ያደረግሁትን ሳልደብቅ ልጻፈው። እስከ ቀትር ድረስ ለማንም አልተናገርኩም። የምንመረቅበት ቀን አንድ ወር ቀርቶታል። ብናገር የፈረምኩት ሁሉ ሐሰት ሊሆን ነው፤ ይባርሩኛል፤ ሁለቱ ጥማድ በሬ ታየኝ። ባልናገር ደግሞ አንድ ሰው እግሩን የሚያጣው በእኔ ፊርማ ነው። ይህን እያወጣሁ እያወረድኩ አሥር ፖፖ አጠብኩ። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

ቀትር ላይ ክኒኑን ይዤ ሄድኩ። ሰጠኋቸው፣ አንገቴን ደፋሁ፣ ኩባያውን ተቀበልኩ። ኩባያው ሙሉ ነው። ካርዱ ላይ ብዕሩን አሳረፍኩ፣ እጄ እምቢ አለኝ። ካርዱን እንደያዝኩ ወደ ሲስተር ክፍል ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ።

ሲስተር ካርዱን ከላይ እስከ ታች አዩት። «በጣም ጥሩ ጽሕፈት ነው» አሉ፣ በተሰባበረ አማርኛቸው። «በጣም ጥሩ። አንድም እውነት የለም።» በመነጽራቸው አናት ላይ አላዩኝም፤ በቀጥታ በመነጽሩ ውስጥ ነው ያዩኝ። ያ የባሰ ነው።

ሐኪሙ ቀጠሮውን እስከ ኀሙስ አራዘመው። ቀጥሎ ሲስተር «የጾም ነው ወይስ አይደለም፣ ይህን ማን ያውቃል?» ብለው ጠየቁኝ። ወደ አቦ ሮጥኩ። ጸሎቱ እስኪያልቅ ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጬ፣ አንድ ቄስ ለምኜ ይዤ መጣሁ።

ቄሱ ክኒኑን አሸተቱት። «ይህ ያጠግባል?» ብለው ጠየቁኝ።

«አያጠግብም፣ አባ።»

«እንግዲያው መብል አይደለም። ይዋጡት፤ ኃጢአት ካለው በእኔ ይሁን» አሏቸው ለሽማግሌው። በዚህ አለቀ። እኔ ሁለት ሳምንት ያሳደርኩት ጥያቄ ይህንኑ ያህል ነበር።

ሲስተር ክኒኑን ለእኔ ሰጡኝና ከአልጋው ግርጌ ቆሙ። ሽማግሌው ክኒኑን አፋቸው ውስጥ አድርገው ውኃውን ተጎነጩ። የዚያን ቀን ግን አንገቴን አልደፋሁም። አንገቴ ራሱ ሊታጠፍ ሲል ይዤው ነው። የምለውን አውቃለሁ።

«አባባ፣ አፍዎን ይክፈቱ።»

 ከጎን አልጋ ያለው ሰው በእኔ ምትክ አፍሮ ወደ ግድግዳ ዞረ።

«ማን ነው ያሳደገሽ?» አሉ ሽማግሌው።

«አባቴ።»

«ምን ብሎ?»

«አንገትሽን ድፊ ብሎ። አንገቴን ስደፋ ነው እርስዎ እዚህ የደረሱት።»

ብዙ አዩኝ። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ። ክኒኗ ምላሳቸው ሥር ተቀምጣለች።

«ዋጥኩ አላልኩም፤ ታዪኝ እንደሆነ ብዬ ነው» አሉና ዋጧት።

ኀሙስ ትኩሳቱ ወረደ፤ እብጠቱም ከጉልበት መሸሽ ጀመረ። እግሩ ተረፈ። ሁለቱ ትንንሽ ጣቶች ግን ጠቁረው ስለነበር ተቆረጡ። እኔ ዝም ባልል ያ ግማሽ ቀን ጣቶቹን ያድናቸው እንደነበር ሐኪሙን ጠየቅሁት። «ግማሽ ቀን ለውጥ አያመጣም» አለኝ። ደግ ሰው ስለነበረ አላመንኩትም።

አልተባረርኩም። ጓደኞቼ ቆባቸውን ሲጭኑ እኔ ወንበር አስተካካይ ሆንኩ፤ የእኔ ቆብ ለስድስት ወር ተላለፈ። አባቴ ምክንያቱን ሲሰማ «የሰው አፍ አየሽ ማለት ነው?» ብቻ አለኝ። በዚያው ክረምት ባለ በሬው ሰውዬ ሌላ አገባ። ቸኩሎ ነበር ማለት ነው።

ሽማግሌው ፋሲካን የዋሉት እዚያው አልጋ ላይ ነው። ከፉሪ ልጆቻቸው ወተት ይዘው መጡ፤ አባባ ግን «ያቺ ልጅ ትስጠኝ» አሉ ተብዬ ተጠራሁ። ወተቱን በዋንጫ ቀድቼ በሁለት እጄ አቀረብኩ። በዓል ነው፣ ልጆቻቸውም ቆመዋል፤ እንደ ልማዴ አንገቴን ደፋሁ። ዋንጫው ከእጄ አልተነሣም።

«ቀና በይ» አሉ።

«ዛሬ ክኒን አይደለም አባባ፤ ወተት ነው።»

«አውቃለሁ። ቢሆንም እያየሽኝ ልጠጣው።»

ቀና አልኩ። ቀስ ብለው ጠጥተው ጨረሱ፣ ዋንጫውን መለሱልኝ፣ ከዚያም በልጆቻቸው ፊት፣ ሳልጠይቃቸው አፋቸውን ከፈቱልኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ።