ፍልፈል ያልኩበት ቀን

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ዛሬም መስቀለኛ ቃል ላይ የአይጥ ዘመድ በተጠየቀ ቁጥር ያ ቀን ትዝ ይለኛል።

ሞጣ ከተማ መምህርት ነኝ። ስመኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ አንድ ግቢ ተከራይተን ነው የምንኖረው። ጋዜጣ ካገኘች መጀመሪያ የምትገልጠው መስቀለኛ ቃሉን ነው። አዘጋጆቹ ምን እንደነካቸው አላውቅም፣ አይጥ፣ ጃርት ወይም ፍልፈል ሳያስገቡ አይውሉም። እንዲህ ያለው ሲመጣ ስመኝ መልሱን ብታውቀውም አትጽፈውም። ቢቸና አጠገብ ለሚኖሩት ገበሬ አባቷ ትደውላለች። እሳቸው ድንቻቸውን የጨረሱባቸውን አውሬዎች አንድ በአንድ ያውቋቸዋል። "ስንት ፊደል ነው?" ብለው ጮክ እያሉ ይቆጥራሉ። መልሱን ሲያገኙ የሚስቁት ሳቅ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወንድሟ ለእኔ ደወለልኝ። "አባታችን አረፉ። እንዳትነግሪያት፤ አሟቸዋል ብለሽ ይዘሻት ነይ" አለኝ። እኛ አገር መርዶ የሚነገረው እቤት፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው። እሺ አልኩ።

"አባትሽን ትንሽ አሟቸዋል። ሐኪሙ ይረፉ ስላለ ስልክ አያናግሩም" አልኳት። ወዲያው አመነችኝ። እሱ ነው እስካሁን የሚቆጨኝ።

የቢቸና አውቶቡስ ተሳፈርን። መንገድ ላይ፣ ጉንደ ወይን ከተማ ሰው ሊጭን ሲቆም ጋዜጣዋን ከቦርሳዋ አወጣች። ጭንቀቷን ልትረሳበት መሰለኝ። ጥቂት ከሞላች በኋላ ፊቷ በራ።

"ከመሬት በታች የሚኖር የገበሬ ባላጋራ፣ አራት ፊደል። ይቺማ የአባዬ ናት! አንዲት ጥያቄ ምን ታደክማቸዋለች?" ብላ ስልኳን አነሳች።

እዚያ ስልኩን የሚያነሳው ሰው እያለቀሰ እንደሚሆን አውቃለሁ። ሌላ የምለው ጠፋኝና "ፍልፈል!" ብዬ ጮህኩ። ከፊታችን የተቀመጡት ሰውዬ ዞረው አዩኝ።

ስመኝ ሳቀች። "ምን አስቸኮለሽ? ከአባዬ አፍ ነጠቅሽባቸው እኮ!" አለችኝ። በእርሳስ ጻፈችውና መልሳ በላጲስ አጠፋችው። "ግዴለም፣ ስንደርስ እጠይቃቸዋለሁ" ብላ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ከዚያ በኋላ አባቷ ለፍልፈል ስለሚያጠምዱት ወጥመድ እያወራችኝ ሄድን። እኔ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን አይ ነበር።

ቢቸና ወርደን እቤታቸው ደጃፍ ስንደርስ ድንኳን ተተክሏል። ሰዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ስመኝ አንድ ጊዜ ብቻ ዞራ አየችኝ። ከዚያ "አባዬን!" ብላ ስትጮህ ሴቶቹ ሮጠው ያዟት። ጋዜጣው እጇ ላይ ተጨማዶ ነበር።

ሐዘን ተቀምጣ ሞጣ ከተመለሰች ከሳምንታት በኋላ፣ ልብስ እያጠብን ሳለ ድንገት ጠየቀችኝ።

"ያን ቀን ፍልፈል ያልሽኝ እንዳልደውል ነው አይደል?"

"አዎ።"

"አልፈርድብሽም። ግን የአባቴ ለቅሶ እየሳቅኩ ሄድኩ" አለች።

ልማዱን አልነቅፍም፤ አውቶቡስ ላይ ብነግራት ማን ይይዛት ነበር? ቢሆንም ያ ሳቋ ከጆሮዬ አልወጣም፤ ባሰብኩት ቁጥር ያሳዝነኛል። ጋዜጣ ሲመጣ አሁንም አብረን እንሞላለን። ፍልፈል የተጠየቀ ቀን ግን ሁለታችንም መልሱን እያወቅነው አራቱን ሳጥን ባዶ ትተን እናልፋለን።