ሊቀ መንበሩ የፈለጉት አንደኛ ደረጃ

በደርግ ዘመን ፒያሳ አንድ ፎቅ ላይ በነበረ የስፖርት ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ስለ ፈረስ የማውቀው ጋሪ እንደሚጎትት ብቻ ነው። አንድ ቀን ሊቀ መንበራችን ጠሩኝና በየዓመቱ ጃን ሜዳ የሚደረገውን የፈረስ እሽቅድምድም ፕሮግራም እንድመታ ሰጡኝ። ከርዕሱ ጎን በእጃቸው «አንደኛ ደረጃ» ብለው ጽፈውበታል። ትልልቅ እንግዶች ስለሚመጡ ከዚያ በታች ሊባል አይገባም አሉኝ። የቀረው የደረጃ መዳቢው ፊርማ ነበር።

ደረጃ መዳቢው አፍንጮ በር የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በፈረስ ዳኝነት የፈጁ ሽማግሌ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ከቢሯችን ሥር ካለው ኬክ ቤት ባንኮኒ ጋ ቆመው ማኪያቶ ስለሚጠጡ እዚያው ወረድኩላቸው። ወረቀቱን አነበቡና እስክሪብቶዬን መለሱልኝ።

«ልጄ፣ ውድድርን ትልቅ የሚያደርገው ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው አይደለም፤ የሚሮጥበት ፈረስ ነው» አሉኝ።

ከኮታቸው ኪስ ጠርዙ ያለቀ ደብተር አውጥተው አስረዱኝ። በየውድድሩ ከአንደኛ እስከ አራተኛ የገቡትን ፈረሶች ይመዘግባሉ። እያንዳንዱ ፈረስ በዓመቱ ውስጥ ማንን እንደቀደመ፣ በማን እንደተቀደመ አይተው ነጥብ ይሰጡታል። ከዚያ የአራቱን ነጥብ ደምረው ለአራት ያካፍላሉ። አንድ ጎበዝ ፈረስ መጥቶ ደካሞችን ቢያሸንፍ ውድድሩ ጎበዝ አይባልም። ሦስት ዓመት ሳይከታተሉም ደረጃ ከፍ ዝቅ አያደርጉም። የእኛው ውድድር በእሳቸው ሂሳብ ሦስተኛ ደረጃ ነበር፤ ያውም በጭንቅ።

በዚያን ጊዜ ያለ ፊርማ ወደ ሊቀ መንበር መመለስ ቀልድ አልነበረም። ሽማግሌው ጭንቀቴን ፊቴ ላይ ሳያዩት አልቀሩም፤ ማኪያቷቸውን ጨርሰው «በይ ምሪኝ» አሉና ደረጃውን ቀስ እያሉ አብረውኝ ወጡ።

ሊቀ መንበሩ ሰምተው ፊታቸውን አኮሳተሩ። መደብ የሚባል ነገር ከአገር እንዲጠፋ እየታገልን ፈረስ በመደብ ይከፈላል ወይ ብለው ጠየቁ። እኔ ወለል ወለሉን አየሁ።

«ጓድ» አሉ ሽማግሌው ረጋ ብለው፣ «እናንተ የምትታገሉት በአባት የሚገኘውን መደብ ነው። እኔ ፈረስን በአባቱ መድቤ አላውቅም፤ በእግሩ ነው።»

ሊቀ መንበሩ መጀመሪያ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ቀጥለው ግን ሳቃቸው አመለጣቸው። «አንደኛ» የሚለውን ራሳቸው ሰረዙና «ሦስተኛ» ብለው ጻፉ። እንግዶቹም መጡ፣ አዩ፣ አጨበጨቡ፤ ደረጃውን የጠየቀ አልነበረም።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ ሊቀ መንበሩን የፈረስ ፍቅር ያዛቸው። በዓመቱ የባለፈረሶቹን ቤት እየዞሩ ጎበዝ ጎበዙን ፈረስ ለምነው አመጡ። ሰው ሁሉ ላሸናፊው ሲጮህ እሳቸው ገመዱ ላይ ተንጠልጥለው አራተኛ ማን እንደገባ ይጠይቁ ነበር። እኔም ሳላስበው ፈረሶቹን በየቀለማቸውና በየአሯሯጣቸው መለየት ጀመርኩ።

በሦስተኛው ዓመት ሽማግሌው በደብተራቸው አስልተው ውድድሩ ሁለተኛ ደረጃ እንዲባል ፈቀዱ። ሊቀ መንበሩ አንደኛ ባለመባሉ ቅር ይላቸዋል ብዬ ስፈራ፣ ደብዳቤውን በችኮላ አስመቱኝና ለማስፈረም እሳቸው ራሳቸው ከእኔ ጋር አፍንጮ በር ድረስ በእግር ሄዱ።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ደጃፋቸው ላይ አነበቡት። አንድ ፊደል ገድፌ ኖሯል።

«ይህ ሦስተኛ ደረጃ እንኳ አይሞላም» ብለው መለሱልኝ።

ሊቀ መንበሩ አጥሩን ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ድረስ ሳቁ። እኔም እየሳቅሁ ፒያሳ ተመልሼ እንደገና መታሁት።